የማማው ካፊያ

የካቲት 6

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ለምን አትደውይም ላልከኝ፣ ባለፈው ስደውል ጉሮሮዬ እስኪደርቅ "እንዴት ነህ?" ብዬ ብጮህ "ሠላሳ ሁለት" ብለህ መለስክልኝ። የፖስታ ቤቱ ሰዎች እስካሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት ማራገቢያ ሥር የኖረ ጆሮ ለስልክ አይሆንም። መጻጻፉ ይሻለናል።

የማማውን የሙቀት ቁጥር ጠይቀኸኛል። እንዳዘዝከኝ አሮጌውን ጨርቅ ከቴርሞሜትሩ ላይ ፈትቼ አዲስ ጥጥ አለበስኩት፣ በንጹሕ ውሃ አርሼ ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ሃያ አንድ አለኝ። ከውሃ ማቀዝቀዣው ማማ ቀዝቅዞ ወጥቶ ወደ መፍተያ አዳራሹ የሚሄደው ውሃ ደግሞ ሠላሳ ነው። ሦስት ቀን ለካሁ፣ ሦስቱንም ቀን ያው ነው። "ቀዝቅዞ" ማለቴም ለወጉ ነው እንጂ እግር የሚታጠቡበት ውሃ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ገብቷል። ክሩ እየደረቀ ይበጠሳል፣ ሴቶቹ ሲቀጥሉ ይውላሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ማሽን ላይ እንደቆሙ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀዘቀዘ የቀን ፈረቃውን እዘጋዋለሁ ብሏል። የቀን ፈረቃ ማለት ስልሳ ሴት ነው። ካንተ በኋላ የመጣው መካኒክ ሦስት ወር ቆይቶ እንደሄደ ታውቃለህ፤ ማማው ዘንድ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ገንዳ ጠባቂዋ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት። ሰው ሁሉ ሲያልፍ "ወንድምሽን ጠይቂው" ይለኛል። ይኸው ጠየቅኩህ።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ ለይስሙላ እግረ መንገድህን አስመስለህ፣ "ቀጮስ እንዴት ናት?" ብለሃል። እኔ እህትህ ነኝ፤ ሌላ ሰው አታልል። ሦስተኛው ማሽን ላይ ናት፣ በዚህ ሙቀት ውስጥም ትቀልዳለች። ሰላምታህን ስነግራት ክንዴን ያዝ አድርጋ ባል መያዝ ካልቀረ የማይሰማ ይሻላል፣ ስነዘንዘው ብውል ትዳሩ አይፈርስም አለችኝ። ይህን ጻፊለት ያለችው ራሷ ናት፣ እኔ አልጨመርኩበትም። ክረምት ሲወጣ እመጣለሁ ያልከውንም ነገርኳት። ክረምት ስንት ወር ነው ብላ ጠየቀችኝ። አርባ ሦስት ዓመት ኖራ ሳታውቀው ቀርታ!

እህትህ

የካቲት 16

እቱ፣

ቁጥሩ ደረሰኝ። በደንብ ለክተሻል።

ሃያ አንድና ሠላሳ፣ ልዩነቱ ዘጠኝ ነው። የትኛውም ማማ ውሃውን ጨርቅ ከለበሰው ቴርሞሜትር በታች ማውረድ አይችልም። ጥሩ ማማ ግን እስከ አምስት ድረስ ይጠጋዋል። የኛ ማማ አየር አጥሮታል።

ከላይ፣ ከማራገቢያው በታች፣ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ርብራቦች ታውቂያቸዋለሽ። ጠብታ ያዦች ናቸው። አየሩ በመሃላቸው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጠብታው እነሱ ላይ ይቀርና ወደ ገንዳው ይመለሳል። ውሃችን ኖራ ስለሚያበዛ ነጭ ቅርፊት ዘግቷቸው ይሆናል። አውርጃቸው። ኮምጣጤ ባለው ውሃ አንድ ቀን ዘፍዝፊያቸው። በብሩሽ አትፈግፍጊ፤ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል። ማራገቢያውን አጥፍተሽ ቁልፉን ኪስሽ ሳትከቺ እንዳትወጪ። አጥበሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ደርድሪ።

እዚህ ደህና ነኝ። የበረዶ ፋብሪካው ማማ ግድግዳው ቆሟል። የባሕሩ አየር ራሱ ውሃ ጠጥቶ የጠገበ ስለሆነ ከኛ ብዙ አይቀበልም። ስለዚህ ሁለት እጥፍ አድርጌ እየሠራሁት ነው።

ለቀጮ ክረምት ሦስት ወር ነው በያት።

ወንድምሽ

የካቲት 28

ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ በደረቅ ፊት ነው። እጅጌዬ በላብ አልራሰም፣ ወረቀቱም እጄ ላይ አልተጣበቀም። ምን እንደሆነ ቆይ ልንገርህ።

ርብራቦቹን አወረድናቸው። ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ አትስጋ። ነጭ ቅርፊቱ የጣት ውፍረት አለው፤ መርፌ ይቅርና አየር አያሳልፍም። ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርኳቸው። በማግስቱ ግን ግማሹ አልለቀቀም። ፈግፍገሽ ይሆናል እንዳትለኝ፤ ፈግፍጌያለሁ። ከሰማንያው ሠላሳ አራቱ እጃችን ላይ ተሰባበሩ። ዕቃ ክፍል ሄጄ አዲስ አለ ወይ ብል፣ የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ "አለ፣ ግን የመጠየቂያ ወረቀት አልቋል" አለኝ። ዕቃው አለ፣ ዕቃ መጠየቂያው የለም። ትቼው ተመለስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አንድ ቀን አልጠብቅም፣ ባዶውንም ቢሆን አስነሺው አለ። አስነሳሁት። ወንድም ጋሼ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከማማው የሚወጣው ውሃ ሃያ ስድስት ገባ። ሃያ ስድስት! ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ አመጣሁ፣ ያው ነው። አዳራሹ ወደ ሠላሳ ሁለት ወረደ። ስልሳ ሴት ያንተን ስም እየጠራ መርቆሃል፤ ባትሰማውም ጆሮህ ሳያሳክክህ አልቀረም።

ጠብታ ያዥ ስለሌለው ከላይ እንደ ካፊያ ያለ ነገር ይበተናል። ነፋሱ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ስለሚወስደው ሴቶቹ የዕረፍት አግዳሚውን ከጥላው ተሸክመው እዚያ ሥሩ አኖሩት። ምሳ ሰዓት ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ እንደ ዶሮ። "የኛ ካፊያ" ይሉታል። እኔም ጉልበቴን አስቀምጥበታለሁ። ከሁሉ ቀድማ የምትይዘው ቀጮ ናት፤ የጫፉን ቦታ ለማንም አትለቅም። ሦስት ወር ነው ያልከውን ነገርኳት። ቆጥራ ጨረሰችው መሰለኝ፣ ሰውዬው ከቁጥር ሌላ ነገር አያውቅም ወይ አለችኝ። ግን ደስ ብሏታል።

አሁን ጥያቄዬ፣ አዲሶቹ ርብራቦች እስኪመጡ እንዲሁ ባዶውን ቢሠራ ምን አለበት? እንዲያውም ከነጭርሱ ቢቀሩስ? ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

መጋቢት 7

እቱ፣

ባዶውን እንዳይሠራ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ርብራቦቹን መልሺ። የተሰበሩትን በሽቦ አስረሽ ደርድሪ፤ ክፍተት ከቀረ በማሽን ክፍል ያለውን የቆርቆሮ ወንፊት ጣል አድርጊበት። ሃያ ስድስት የነበረው ሃያ ሰባት ቢሆን ግድ የለም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ያ ካፊያ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ገንዳው ውስጥ የሚራባውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ጠብታው ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ድሮ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ሰው ሲታመም በዓይኔ አይቻለሁ። ክሎሪኑ በየቀኑ ይግባ። አግዳሚውን ዛሬውኑ አንሡት፤ ከሥሩ ማንም ሰው አይቀመጥ። ማንም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። መልሰሽ ደርድሪ ብቻ ብዬ አለፍኩት።

የሚያመኝን ጥርስ ተነቅያለሁ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ

መጋቢት 28

ወንድም ጋሼ፣

ምነው ጠፋሽ ብለህ የላክሃት ቁራጭ ወረቀት ደረሰችኝ። አልጠፋሁም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፖስታ ቤቱም ሰሞኑን ተዘበራርቋል ይላሉ፤ የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው ይሄዳል።

ርብራቦቹ ተመልሰዋል። ጽሕፈት ቤቱ ከሌላ ፋብሪካ ሰው አምጥቶ ባለፈው ማክሰኞ አስገጠማቸው፤ ወረቀት አልቆ የነበረው ዕቃ ክፍልም በአንድ ቀን አገኘው። ከማማው የሚወጣው ውሃ ሃያ ሰባት ነው። አዳራሹ ሠላሳ ሦስት። ሃያ ሰባት ብትሆን ግድ የለም፣ ጥሩ ነው።

የጤና መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ከገንዳው ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ። አንደኛዋ ልጅ እግር ናት፣ ጓንት አድርጋ ነበር። ስለ ክሎሪኑ ጠየቀችኝ፣ መዝገቡን አሳየኋት። ለወትሮው ምርመራ ነው ብለውኛል።

አግዳሚው ወደ ጥላው ተመልሷል። አሁን ብዙ ሰው አይቀመጥበትም።

ስለ ቀጮ ጠይቀሃል። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟታል፤ ሳል አለባት። ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው። ሌሎችም ሦስት ሴቶች አስሏቸዋል፤ ጊዜው የጉንፋን ነው። ትናንት ሄጄ አየኋት። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው፣ ብርሃን አለው። ሰላም ብላሃለች።

ሾርባ አድርሼላት ነበር፤ ለነርሷ ሰጠኋት። ሌላ ምን ልጻፍልህ? ጉልበቴ ደህና ነው። ራስህን ጠብቅ፣ ከፍታ ላይ ስትወጣ ገመድህን እሰር።

እህትህ

ሚያዝያ 9
(ሳይላክ የቀረ)

ወንድም ጋሼ፣

የመጋቢት ሰባቱ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሐሙስ ነው የደረሰኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። በደረሰሽ ቀን መልሺ ያልከውን አንብቤያለሁ። ማንም አይቀመጥ ያልከውንም አንብቤያለሁ፣ ማንም የሚለውን ሁለት ጊዜ የጻፍክበትን ቦታ ጭምር።

አልመለስኳቸውም።

ቀጮ ዓርብ ሞተች። ቅዳሜ ቀበርናት። እኔ ደግሞ

ሚያዝያ 9

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ።

ቀጮ ዓርብ ጠዋት አርፋለች። የሳንባ ምች ነው። ከማማው ውሃ እንደመጣ የጤና መሥሪያ ቤቱ አረጋግጧል። ሦስቱ ሴቶች ድነዋል፤ አንዷ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ገብታለች። ቀጮ ግን ሳንባዋ ከድሮም በጥጥ ብናኝ የተጎዳ ነበር አሉ። ጉንፋን ነው ብዬ የጻፍኩልህ እንዳትደነግጥ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ቅዳሜ ቀበርናት። የቀን ፈረቃው በሙሉ መጥቷል። ማሽኖቹ ለሦስት ሰዓት ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ ስሟን በትክክል ጠራው። ከእኅቷ ጋር ሆኜ ልብሷን አጣጠፍኩ። ብዙ ልብስ አልነበራትም። እኅቷ ሻይ አፈላችልን፤ ጠጣሁት።

የመጋቢት ሰባቱ ደብዳቤ ደርሶሽ ነበር ወይ ብለህ ሦስተኛ ጊዜ ጠይቀሃል። አልደረሰኝም። በየት እንደቀረ አላውቅም። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ እዚህ የለም አሉኝ።

እዚያ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ አብሮህ ይደር። ብቻህን አትሁን። ዛሬም ቁጥር ለክቻለሁ። ሃያ ሰባት ነው።

እህትህ

ሚያዝያ 19

እቱ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ።

ያ ደብዳቤ ካልደረሰሽ ጥፋቱ የኔ ነው። መጋቢት ሰባት ጽፌ ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ አቆየሁት። አብሬ ለእሷ አንድ ወረቀት ልልክላት ፈልጌ ነበር። ሁለት መስመር ጽፌ ቀደድኩት፣ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩት። በመጨረሻ ያንቺን ብቻ ላክሁ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ፖስታው ከየትኛው መኪና ጋር እንደተላለፈ እግዜር ይወቅ። በሰባት ብልከው ይደርስሽ ነበር። የመጀመሪያውን ምክር የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ርብራቦቹን አውርጂ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ጽፌለታለሁ። ሰው ማወቅ አለበት።

እዚህ ማማው ላይ መውጣት አልቻልኩም። መሰላሉን ይዤ እቆምና እመለሳለሁ። አንድ እግሬን አስቀምጬ ሁለተኛውን አላነሳውም። ፓምፑ ገብቷል፤ የቀረው የማራገቢያው ምላጭና ርብራቦቹ ናቸው። ርብራቦቹን በእጄ ልነካቸው አልችልም። የፋብሪካው ባለቤት እስከ ግንቦት አጋማሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብሎኛል። ያምጣ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይበቃል። ከዚህ በኋላ ይህን ሥራ አልሠራም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ከዋሸሽኝ ግን አውቃለሁ። ስሜን ጠርታ ነበር?

ወንድምሽ

ግንቦት 2

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ቀን አላቆየውም። ዛሬ እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ አስገባዋለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር። መጋቢት አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ሁለት ቀን ኪስህ ውስጥ ቢቆይም ባይቆይም ለውጥ የለውም። ቢዘገይም ደርሷል። አልደረሰኝም ያልኩህ ውሸት ነው። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ ያልኩትም ውሸት ነው፣ አልሄድኩም።

እንዴት እንደሆነ በተራ ልንገርህ። አግዳሚው ላይ ስድስት ሆነን ተቀምጠናል፣ ካፊያው ይወርዳል። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ጮክ ብዬ እንደማነብላቸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ አነብላቸዋለሁ፣ ስለ ባሕሩ የምትጽፈውን ይወዱታል። አነበብኩ። ሳንባ ውስጥ ይገባል የምትለዋ ላይ ስደርስ የክር ቦቢን ሰብሳቢዋ ምሳዋን አንሥታ ወደ ጥላው ተሻገረች። ሌሎቹ ሳቁባት፣ አንቺ ሴትዮ እንዴት ፈሪ ነሽ አሏት። እሷ ሳትታመም የቀረችው ለዚህ ነው።

ቀጮ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ገልብጣም አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ይኸ ሰውዬ አንድ ገጽ ሙሉ ለፕላስቲክ ይጽፋል። ለኔ ጥርሴን ተነቀልኩ ይላል።"

ሁላችንም ሳቅን። ተነሥቼ ርብራቡን ልመልስ ነው ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ተይው። እኛ ከመለስነው እሱ ምን ሊሠራ ይመጣል? ራሱ መጥቶ ይግጠመው።"

እኔም ተቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ጊዜ የታየኝ እሷ እያፈረች መሆኗ ብቻ ነው። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። ስንት ጊዜ ስትቀልድ ከርማ በቁም ነገር ስታወራ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ርብራቦቹ በእኛ እጅ አልገጥም አሉ፣ ካልመጣህ አይሆንም ብዬ ልጽፍልህ ተስማማን። ደብዳቤው ቢበዛ አሥር ቀን ይሄዳል፣ ሁለት ቀን አንተ በመኪና ትመጣለህ፣ በዚህ መሃል ምን ይሆናል አልኩ። ዓርብ ጽፌ ልልክልህ ወረቀት ገዛሁ። ዓርብ እንግዳ መጣብኝ፣ ቅዳሜ ልብስ አጠብኩ፣ ሰኞ እጽፋለሁ አልኩ። ሳልጽፈው ታመመች።

የተናገረችው እሷ ናት፤ ግን እሷ ፈታይ ናት፣ ስለ ገንዳ ውሃ አታውቅም። የማማው ቁልፍ የነበረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። እንድመልሰው የጻፍከውም ለኔ ነው። ጥፋቱን ለእሷ ለማካፈል አይደለም ይህን የነገርኩህ።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። በሽታው ገብቶ ከሁለት እስከ አሥር ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚጥለው አለኝ። ቀጮ የተኛችው ከሐሙስ በኋላ በስምንተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፣ ከሐሙስ በኋላም ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም አይነግረኝም። በየቀኑ እቆጥረዋለሁ፤ አንድ ቀን ወደዚህ ይወጣል፣ አንድ ቀን ወደዚያ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ ያንተን ደብዳቤ አነበበልኝ። ወንድምሽ ትልቅ ሰው ነው፣ ጥፋት ወደ ራሱ የሚወስድ ሰው ዛሬ የለም አለኝ። አዎ አልኩ። ወጥቼ እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ እራት በላሁ። በማግስቱ የመጋቢት ሰባቱን ደብዳቤህን ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ መቼ እንደደረሰኝም ነገርኩት። አነበበው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቁልፉን ተቀብሎኛል። አሁን የአዳራሹን ወለል ነው የምጠርገው። ለቀጮ እኅትም ነግሬያታለሁ። ሻይ ቀድታልኝ ነበር። ሻዩን እንደጀመርኩት ትቼው ወጣሁ።

አልቅሰሽ ነበር ወይ ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ ሰው ሁሉ ግን ይጠይቀኛል። አላለቀስኩም። እንደ ደነዘዘ እግር ነኝ፤ ስረግጥ ይረግጣል፣ ግን የኔ አይመስለኝም። ለምን እንደዋሸሁህ ደግሞ አሳማሪ ምክንያት የለኝም። ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። እሷን አጥተህ እኔንም እንዳታጣ ብዬ ነበር ልልህ አስቤ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። ለራሴ ነው። ፈራሁ።

አንተ ያጠፋኸው የለም። ርብራቦቹን አውርጂ አልከኝ፣ መልሺ አልከኝ፣ ምክንያቱንም ጻፍክልኝ። ልክ ነበርክ። ሥራህን የምትተወው በኔ ውሸት ከሆነ አትተው። ውጣ።

ስሜን ጠርታ ነበር ወይ ላልከው፣ አልጠራችም። የመጨረሻዎቹን ስድስት ቀን ማንንም አላወቀችም፤ እኔም ነርሷን ነው የመሰልኳት። መዋሸቱ ቀላል ነበር። ሐሙስ ቀን አግዳሚው ላይ ግን ጠርታሃለች። ራሱ መጥቶ ይግጠመው ካለች በኋላ፣ ሴቶቹ ሥራ ገብተው ሁለታችን ስንቀር፣ ስምህን ሁለት ጊዜ ለብቻዋ አለችው፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ። የቱ ነው የሚሰማው ብላ ጠየቀችኝ።

እህትህ

ግንቦት 14

እቱ፣

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። ቅዳሜ ወደ ማማው ወጣሁ። የማራገቢያውን ምላጭ ገጥሜያለሁ። ርብራቦቹን ነገ እደረድራለሁ፤ መቶ ሃያ ናቸው።

ስላንቺ ምን እንደምል አላውቅም። አስቤ ነበር፣ አልመጣልኝም። የተቆጣሁ ይመስለኛል፤ ግን ቁጣውን ስፈልገው የለም።

ወለል ስትጠርጊ ውሃ ረጭተሽ ጥረጊ። ብናኙን አትተንፍሺው።

ወንድምሽ